መሪው ጣሊያን ነው እንግሊዝ?

የልደታ አሮጌ ሰፈር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲፈርስ ከአንድ ጓደኛችን አያት ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የሞተር ሳይክል መሪ ወረደ። ለዓመታት ኮት ሲሰቀልበት የኖረ ነው። የቤቱ ታሪክ አጭር ነው፦ ሟቹ አያት በ1933 ከጣሊያን የማረኩት ሞተር ቅሪት። እማማ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ሰሞኑን ጓደኛችን «እስቲ አረጋግጡልኝ» ብሎ ይዞት መጣ፤ እኛም አጉል ሊቅ ሆንን።

ነገሩ የማይመስል አይደለም። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሠራዊቱ ሞቶ ጉዚን የመሰሉ ሞተሮች ነበሩት። ልደታም ቦሌ እስኪሠራ ድረስ የከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ሰፈር ነበረች። ወታደርና ብረት አያጣትም።

ብረቱን ግን እናንብበው። በግራ የፍሪሲዮን ማንሻ፣ በቀኝ የፊት ፍሬን አለ። (ሀርሌይ የአሜሪካ ጦር ሞተር ቢሆን ፍሪሲዮኑ በእግር ነው፣ የፊት ፍሬኑም በግራ። ስለዚህ አሜሪካን ተውነው።) በግራ አንዲት ትንሽ ማንሻ እሳቱን ታስቀድማለች፣ ታዘገያለች። ሞተሩን በእግር ሲያስነሡ ካላዘገዩት ፔዳሉ ተመልሶ እግር ይመታል። ከሥሯ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ከፍታ ምቱን የምታቀል ሌላ ማንሻ አለች። በቀኝ ደግሞ የአየር ማንሻ። ይህ አደራደር የእንግሊዝ ጦር ሞተሮች፣ የቢኤስኤ ኤም 20 እና የኖርተን 16 ኤች፣ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማንሻዎቹ አይናገሩም። በ1920ዎቹ ብዙ የጣሊያን ሞተሮች ላይ ግን ማንሻው ተገልብጦ ከመሪው ጫፍ ነው የሚነሣው።

የቧንቧው ውፍረት አይለይም፤ የሁሉም 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብሎኑ ይለያል። የሚሊሜትር ቁልፋችን በደንብ አልገጥም አለ፤ ብሎኑ የኢንች ነው።

ያስደነገጠን እጀታው ነው። ላስቲክ ሳይሆን የሸራ ጨርቅ ነው። ጃፓን ማላያን ስትይዝ እንግሊዝ ላስቲክ አጠራት፤ ከዚያ ወዲህ የጦር ሞተር እጀታ በሸራ ይሠራ ጀመር። ማላያ የተያዘችው በ1934 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። እጀታው ኋላ ተቀይሮ ነው ካልተባለ በቀር ይህ ሞተር ያኔ ገና አልተሠራም።

አስቂኙ ነገር፣ እንግሊዝነቱን የመሰከርነው በጣሊያን ቃላት ነው። ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፤ ብረቱ የማንም ይሁን ጋራዡ ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው። በቤቱ ታሪክ ውስጥ ጣሊያን መግባቱ አይገርምም።

ለእማማ መንገር ከበደን። ጓደኛችን ነገራቸው። አልተቆጡም። «እንግሊዝ ከሆነ ታዲያ ማን ሰጠው?» አሉ።

ጥያቄው ከእኛ ምርመራ ይበልጣል። በጥር 1934 ስምምነት መሠረት የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን የኢትዮጵያን አዲስ ጦር ሊያሠለጥን መጥቶ እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። አያት በዚያ ጦር ውስጥ ከነበሩ ሞተሩ የማረኩት ሳይሆን የነዱት ሊሆን ይችላል። እማማ «ወታደር እንደነበረማ ነበር» ብለው የወረቀት ሳጥናቸውን ለጓደኛችን አስረክበዋል። መቆለፊያው ዝጓል፤ ገና አልከፈትነውም።