ሕመም ወለድ የስኳር ንረት

በከባድ የሳንባ ቫይረስ ተይዞ ሆስፒታል የገባን ሰው ጣት ነርሷ ወግታ ስትለካ መሣሪያው 210 ይላል። «ኧረ እሱ ስኳር የለበትም!» ይላሉ አስታማሚዎቹ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች «ስትረስ ሃይፐርግላይሴሚያ» የሚሉት አንድ ክስተት አለ፤ ስኳር በሽታ ያልነበረበት ሰው በሕመም ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የደም ስኳሩ በዴሲሊትር ከ140 ሚሊግራም ሲያልፍ ማለት ነው። በአማርኛ ሕመም ወለድ የስኳር ንረት ቢባል ይስማማዋል። «የጭንቀት ስኳር» ከተባለ ሰው ሐሳብና ብስጭት ያመጣው ይመስለዋል፤ እዚህ የተጨነቀው ግን አካል ነው።

ሰውነት ቫይረስን ሲዋጋ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት ይረጫል። እነሱም ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅና አዲስም እንዲሠራ ያዙታል። በዚያው ሰዓት ከመከላከያ ሕዋሳት የሚወጡ የብግነት ኬሚካሎች ኢንሱሊን በጡንቻና በስብ ላይ ያለውን ኃይል ያዳክማሉ። ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ለአጭር ጊዜ ይህ ለአንጎልና ለመከላከያ ሕዋሳት ስንቅ ነው። ሲቆይ ግን ጀርም የሚውጡት ነጭ የደም ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ ከ180 ገደማ በላይ ሲሆን ደግሞ ስኳሩ በሽንት ሲወጣ ውሃ ይዞ ስለሚሄድ ታማሚው ይደርቃል።

በ2020 በቻይናዋ ዉሃን ከተማ በሁለት ሆስፒታሎች የኮቪድ ሕክምና የተከታተሉ፣ ስኳር በሽታ ያልነበረባቸው 605 ሰዎች መረጃ ተመርምሮ ነበር። ሲገቡ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳራቸው 126 እና ከዚያ በላይ የነበሩት በ28 ቀን ውስጥ የመሞት አደጋቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ንረቱ የሕመሙን ክብደት ያሳያል፤ ራሱም ሳያባብሰው አይቀርም። ሁለቱን መለየት ቀላል አይደለም። በከባድ ኮቪድ ሕይወት የሚያድነው ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒትም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የተጀመረለት ሰው በየጊዜው መለካት አለበት።

ታዲያ ስኳሩን በኢንሱሊን እስከ ጤነኛ ሰው ልክ ማውረድ ነው? አይደለም። በ2009 ውጤቱ የወጣ፣ ከ6,000 በላይ ጽኑ ሕሙማንን ያካተተ «ናይስ ሹገር» የተባለ ጥናት ስኳራቸው ከ81 እስከ 108 ባለው ውስጥ እንዲቆይ ከተደረጉት 27.5 በመቶ፣ ላላ ያለ ክትትል ከተደረገላቸው ደግሞ 24.9 በመቶ መሞታቸውን አሳየ። ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱም አደገኛ ነው። ለአብዛኞቹ ጽኑ ሕሙማን የሚመከረው ከ140 እስከ 180 ነው።

አስታማሚም ድርሻ አለው። «ጉልበት ይስጠው» ተብሎ የሚመጣውን ጭማቂ ወይም «ግሉኮስ ይሰቀልለት» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ለሐኪሙ ማማከር ይበጃል። ጭማቂ የነካው ጣት ሳይታጠብ ከተወጋም ቁጥሩ ያሳስታል።

ሕመም ወለዱን ንረት ሳይታወቅ ከቆየ ስኳር በሽታ የሚለየው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ የተባለው ምርመራ ነው። ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ይናገራል፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ ከቫይረሱ በፊትም እንደነበረ ይጠቁማል። ከዚያ በታች የሆነለት ሰውም ቢሆን ካገገመ በኋላ ስኳሩን ደግሞ መለካት ይኖርበታል፤ በአንዳንዶች ላይ ንረቱ ከሕመሙ ጋር አብሮ አይሄድምና።