ብዕርና ውል፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዲፕሎማሲ ጉዞ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሲነሡ ቀድመው የሚታወሱት «ወዳጄ ልቤ» እና «አዲስ ዓለም» ናቸው፤ ደራሲነታቸው ዲፕሎማትነታቸውን ጋርዶታል። ሁለቱ ሙያዎች ግን የተለያዩ አልነበሩም። ኅሩይ የውጭውን ዓለም ያዩት ለመጻፍ ነበር፤ በመንግሥታት መካከል በተጻፈ ውልም እስከ መጨረሻው ታመኑ።

በ1870 ዓ.ም. ከመንዝ ጋር በሚጎራበተው በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። ለቤተ መንግሥት ያበቃቸው የቤተ ክህነት ትምህርትና በእንጦጦ ራጉኤል ያዳበሩት የግዕዝ ዕውቀት ነው። በ1903 ዓ.ም. ኋላ ራስ ከሆኑት ከካሣ ኃይሉ ጋር በጆርጅ 5ኛ የንግሥ በዓል ለመገኘት ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ለዓለም ጦርነቱ ድል አድራጊዎች የተላከውን የደስታ መልእክት ይዘው ዋሽንግተን ደረሱ። ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ አብረው ተጉዘው «ደስታና ክብር»ን ጻፉ።

ከሁሉ የላቀው ተልእኳቸው የጃፓኑ ነበር። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ቶኪዮ ሲገቡ ኢትዮጵያ የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ሕገ መንግሥት ካወጣች ገና ወራት መቆጠራቸው ነበር። «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለው መጽሐፋቸው ንጉሠ ነገሥቷንና ነባር ሥርዓቷን ሳትለቅ የሠለጠነችውን እስያዊት ሀገር ለኢትዮጵያ አንባቢ አስተዋወቀ፤ በጃፓንኛም ተተርጉሟል። የሁለቱ ሀገሮች መቀራረብ ግን ሮምን አላስደሰተም።

ፈተናው የመጣው ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች በወልወል ሲጋጩ ነው። ጣሊያን ይቅርታ፣ ካሳና ለባንዲራዋ ሰላምታ ጠየቀች። የኅሩይ መሥሪያ ቤት በበኩሉ የ1920ውን የኢትዮጵያና የጣሊያን የወዳጅነት ውል አንሥቶ ጉዳዩ በሽምግልና ዳኝነት ይታይ አለ፤ ኢትዮጵያም አቤቱታዋን ለመንግሥታት ማኅበር አቀረበች።

ሽምግልናው ዘግይቶም ቢሆን ተካሄደ። ዳኞቹ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. መጨረሻ በወልወሉ ግጭት ሁለቱንም መንግሥታት ጥፋተኛ አላሉም። አንድ ወር ያህል ቆይቶ የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ፤ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ አረፉ።