የአይጥ መርዝ የነበረው መድኃኒት

በየቤታችን «የልብ ምትህ ሥርዓቱን ስቷል» ተብሎ ዋርፋሪን የታዘዘለት ሰው አይጠፋም። «እሱ እኮ የአይጥ መርዝ ነው» ሲባል ሰምቶ ክኒኑን የተወም አለ። ወሬው ከየት መጣ? ታሪኩን አብረን እንይ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ጀመር። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም መንስኤውን ደረሰበት፦ ስዊት ክሎቨር ከሚባል ሣር የተዘጋጀ የሻገተ ድርቆሽ ነበር።

በ1933 ክረምት አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደር፣ ያልረጋ ደም የያዘ የወተት ጣሳና ድርቆሹን ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር መካከል ማዲሰን ከተማ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ካርል ሊንክና ረዳቶቹ ስድስት ዓመት ያህል ለፍተው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር በ1939 ለይተው አወጡት። ከዚያው ዘር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ገበያ ላይ ዋለ። በ1951 አንድ የአሜሪካ ወታደር ራሱን ለማጥፋት ደጋግሞ ወሰደው፤ ሆኖም በቫይታሚን ኬ ታክሞ ዳነ። ማርከሻ እንዳለው በተግባር ታየ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ፤ በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ድካም ሲገጥማቸው ታከሙበት።

ከስትሮክ ጋር ምን አገናኘው? አትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው ሕመም የልብ የላይኛው ክፍል በደንብ ከመጨማደድ ይልቅ ይርገበገባል። በዚያ የተኛው ደም ይረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በ1978 የፍራሚንግሃም ጥናት ሕመሙ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ዋርፋሪን ይህን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አረጋገጡ።

ከ2010 ጀምሮ አዳዲስ ክኒኖች መጥተዋል። ነገር ግን በአገራችን በብዛት የሚታየው፣ በቁርጥማት ትኩሳት ሳቢያ የልብ በር የሚጠብበት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ዋርፋሪን ዛሬም ተመራጭ ነው።

በመርዝና በመድኃኒት መካከል ያለው ልዩነት መጠኑ ነው። ለዚህም ነው አይ.ኤን.አር. የተባለው የደም ምርመራ የሚደጋገመው፤ ለአብዛኞቹ ሕሙማን ውጤቱ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። ጎመን ቫይታሚን ኬ ስላለው አንድ ሰሞን አብዝቶ ሌላ ሰሞን መተው መጠኑን ያዛባል። ረመዳን ሲመጣም ክኒኑን በራሳችን አናቁም፤ ሰዓቱን ወደ ኢፍጣር ስለማዛወር ሐኪሙን አስቀድመን እንጠይቅ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን ይስጥልን።