ካሉብና ቀንጢቻ

ኢትዮጵያ በ2024 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ እዚህ ሲያትል በምንኖር ሐበሾች መካከል አንድ ክርክር ይሰማል፤ የባትሪው ሊቲየም ከነዳጁ ይልቅ ለምድሪቱ ይሻላልን? ነዳጅንም ሊቲየምንም የያዘች አገር ልጆች ስለሆንን ክርክሩ የሩቅ አይደለም።

በኦጋዴን የካሉብን ጋዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሶቪየቶች ተከተሉ፤ በ2013 ደግሞ ቻይናውያን ገቡ። በ2018 ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ወጣ፤ በ2025 የጋዝ ማምረቻው ተመረቀ። በመካከሉ፣ በ2020፣ ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የአካባቢው ነዋሪዎች ዐይናቸው ቢጫ እየሆነ፣ ትኩሳትና ነስር እያሠቃያቸው እንደሚሞቱ ጻፈ። ነዋሪዎቹ በቁፋሮው ፍሳሽ አመካኙ፤ መንግሥት አስተባበለ። የዐይን ቢጫነት ብዙውን ጊዜ የጉበት ሕመም ምልክት ነው፤ ጉበትን ግን ቫይረስም መርዝም ይጎዳዋል። ሐኪም ይህን ለይቶ ለመፍረድ ከቁፋሮው በፊት ውኃው ምን እንደነበረ የሚናገር መዝገብ ይሻል።

ነዳጅ በባለጸጋ አገርም ይገድላል። ከሲያትል በስተሰሜን በምትገኘው ቤሊንግሃም፣ በ1999፣ ከተቀደደ ቧንቧ የፈሰሰ ቤንዚን ተቀጣጥሎ ሁለት ሕፃናትና አንድ ወጣት ሞቱ። ነገር ግን የፌዴራል መርማሪዎች መንሥኤውን ዘርዝረው በ2002 አሳተሙ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ጠበቀ።

ወደ ሊቲየሙ እንመለስ። በጉጂ ዞን የሚገኘው ቀንጢቻ ከ1990 ጀምሮ በታንታለም ይታወቃል፤ ሊቲየሙም በዚያው ዐለት ውስጥ ነው። እንደ ቺሊው አታካማ ጨዋማ ውኃ በፀሐይ እየተነነ የሚገኝ አይደለም። ዐለቱ በድማሚት ይፈነዳል፣ ይፈጫል፣ ከሺህ ዲግሪ በላይ ይቃጠላል፣ በሰልፈሪክ አሲድም ይታሻል። ትርፉ አቧራና የዝቃጭ ክምር ነው፤ ከታንታለም ጋር ዩራኒየምና ቶሪየም አብረው የሚገኙበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ይሁንና ነዳጅ አንዴ ነድዶ ጭሱን ለዓለም ሲተው፣ ሊቲየም በባትሪው ውስጥ ይቀራል፤ ተለይቶ ሊወጣም ይችላል። ስለዚህ ለዓለም አየር ሊቲየም ይሻላል ባይ ነኝ። ለጉጂው ከብት አርቢ ግን ይህ ምን ይፈይድለታል?

ሊቲየም ለእኛ ለሐኪሞች የቆየ መድኃኒት ነው። ከ1949 ወዲህ ለአእምሮ ሕመም ይታዘዛል፤ የሚፈውሰውና የሚመርዘው መጠን እጅግ ስለሚቀራረቡ የታማሚው ደም በየጊዜው መለካት አለበት።

በዚያው በጉጂ፣ በለገደንቢ የወርቅ ማውጫ አካባቢ፣ ነዋሪዎች ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው ይወለዳሉ፣ ከብቶችም ያልቃሉ እያሉ በ2018 አደባባይ ወጡ። የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። በ2021 ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ የቀንጢቻ ሊቲየም ውልም የተፈረመው በእነዚያው ዓመታት ነው።