አምባላጌ ጎዳና፤ ከኢንስብሩክ ወደ ቦልዛኖ

ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ እስከ ጣልያኗ ቦልዛኖ ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፍጥነት መንገዱ ከነዱት ሁለት ሰዓት አይፈጅም። እኔና ጓደኛዬ ግን በመጪው ክረምት ለዚች አጭር መንገድ ሦስት ሙሉ ቀን መድበናል። እሷ የምትፈልገው ተራራና ሐይቅ ነው፤ ፎቶም ጭምር። እኔ ደግሞ ታሪክ ያለበት ቦታ ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። መንገዱን የማቀዱ ሥራ ለእኔ ስለተሰጠ፣ ካርታ ሳገላብጥ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ብዙው የአውሮፓውያን ጉዳይ ነው፤ አንዱ ግን በቀጥታ የእኛ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ከመሬቱ እንነሳ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፍጥነት መንገድ ነው። በኦስትሪያ በኩል ቪኜት የሚባለውን የመንገድ ክፍያ ከፍላችሁ፣ ለብሬነር መስመር ደግሞ ሌላ ክፍያ ትጨምራላችሁ። በ1963 የተከፈተውን የአውሮፓ ድልድይ በዚህ መንገድ ትሻገራላችሁ፤ ከሸለቆው ወለል 190 ሜትር ከፍ ይላል። ችግሩ፣ ድልድዩ ላይ ሆናችሁ ድልድዩን አታዩትም። ሁለተኛው አሮጌው መንገድ ነው፤ በየመንደሩ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ፣ ክፍያ የሌለው፣ ድልድዩንም ከነግርማው የሚያሳይ። እኛ የመረጥነው እሱን ነው።

መኪና የምትከራዩ ከሆነ፣ ድንበር መሻገር መፈቀዱን ውሉ ላይ አረጋግጡ። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድም አይረሳ። “ሸንገን ነው፣ ማን ይጠይቃል?” የሚል ሰው አይጠፋም። የምንነሳው ከምንኖርበት ከሙኒክ ነው፤ ጀርመን ደግሞ ከኦስትሪያ ጋር በሚያዋስናት ድንበር ላይ ከ2015 ወዲህ ፍተሻ መልሳለች። ቆዳችን ጥቁር እንደመሆኑ፣ ወረቀታችን ሁሌም ቅርብ ቢሆን ይሻላል።

መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ብሬነር ይደርሳል፤ ከፍታው 1,370 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው “ይሄ ነው እንዴ የተባለው ተራራ?” ሊል ይችላል፤ ከተማችን በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትበልጠዋለች። የብሬነር ጥቅሙ ግን ዝቅ ማለቱ ነው። አልፕስን ለማቋረጥ ከሚያስችሉት ዋና ዋና በሮች ዝቅተኛው ስለሆነ፣ ከሮማውያን ጀምሮ ነጋዴውም ጦሩም ሲመላለስበት ኖሯል።

ድንበር የሆነው ግን ገና በትናንቱ ዘመን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተራራው ወዲያና ወዲህ አንድ አገር ነበር፤ ቲሮል ይባላል፣ ገዢውም የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ነበር። በ1919 የሳን ዠርማን ውል ደቡብ ቲሮል ለጣልያን ተሰጠ። ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሕዝብ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አገሩ ተቀየረበት።

ከዚያ ፋሺስቶች መጡ። ኤቶሬ ቶሎሜይ የሚባል ሰው ለየመንደሩ፣ ለየወንዙና ለየተራራው የጣልያንኛ ስም አዘጋጅቶ ነበር፤ አገዛዙ ዝርዝሩን ሕግ አደረገው። ሽተርትሲንግ ቪፒቴኖ ተባለች፣ ብሪክሰን ብሬሳኖኔ፣ ቦዘን ቦልዛኖ። በትምህርት ቤት ጀርመንኛ ተከለከለ። ወላጆች ልጆቻቸውን በየገበሬው ቤትና በየምድር ቤቱ ደብቀው ቋንቋቸውን ያስተምሯቸው ጀመር፤ “የካታኮምብ ትምህርት ቤት” ይሉታል። ዛሬ በዚያ መንገድ ስትነዱ ሰሌዳው ሁሉ ሁለት ስም አለው። ስለዚህ ጂፒኤሱ አንዱን ስም ሲጠራ፣ እናንተ ሌላውን እያነበባችሁ እንዳትደናገሩ ሁለቱንም ጽፋችሁ ያዙ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በሐምሌ 1934 የኦስትሪያ ናዚዎች የአገራቸውን መሪ ዶልፉስን ሲገድሉ፣ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ብሬነር አስጠግቶ ሂትለርን “እንዳትሞክራት” አለው። ሂትለርም ወደ ኋላ አለ። በቀጣዩ ዓመት ግን ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልበት፣ ማዕቀቡ ውስጥ ያልገባችው ጀርመን ወዳጅ ሆነች። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲውጥ ሙሶሊኒ ዝም አለ። ለዝምታው ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን በእኛ ተራሮች ላይ የተካሄደው ጦርነት የብሬነርን ዕጣም ነክቶታል። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው ማይጨውንና ጄኔቭን ነው፤ ታሪኩ እዚህ ድረስ እንደሚመጣ የነገረኝ አልነበረም።

ከብሬነር ወርዳችሁ፣ ቪፒቴኖን አልፋችሁ ወደ ፎርቴሳ ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠል መንገድ አለ። ፑስተር የተባለው ሸለቆ ነው፤ በጣልያንኛ ፑስቴሪያ። ኢንስታግራም ላይ የምታዩት፣ ከእንጨት ጀልባዎቹ ጋር አረንጓዴ መስታወት የመሰለው የብራይየስ ሐይቅ በዚያ በኩል ነው። ለጓደኛዬ ይህ ብቻ ይበቃታል። እኔ ግን “ፑስቴሪያ” የሚለውን ስም ሳይ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በ1936 መጀመሪያ ላይ በአምባ አራዶም የተዋጋችን የተራራ ክፍለ ጦር ስሟ “ፑስቴሪያ” ነበር። ስሟን የወሰደችው ከዚህ ሸለቆ ነው።

አምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ሲያፈገፍግም ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደበት፤ ራስ ሙሉጌታም በዚያው ተገደሉ። ጣልያኖች ዛሬም የተዘበራረቀ ነገር ሲያዩ “አምባራዳን” ይላሉ፤ ቃሉ ከዚያ ጦርነት የመጣ ነው ይባላል። የእኛ እልቂት በእነሱ አፍ የዕቃ መዝረክረክ ስም ሆኖ ቀረ።

በሸለቆው ዋና ከተማ በብሩኒኮ፣ ለዚያች ክፍለ ጦር መታሰቢያ በ1938 የአንድ ተራራ ወታደር ሐውልት ቆሞ ነበር። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ በፈንጂ ተመቷል፤ አሁን ያለው ቅሪት ነው። ያፈነዱት ግን ለኢትዮጵያ ተቆርቁረው አልነበረም። ለእነሱ ሐውልቱ የጣልያን አገዛዝ ምልክት ነበር።

ታሪኩ ከዚህ በላይ ይወሳሰባል። ወደ ኢትዮጵያ ከዘመቱት የጣልያን ወታደሮች መካከል ደቡብ ቲሮላውያንም ነበሩበት። የገዛ መንደራቸው ስም የተቀማባቸው፣ ልጆቻቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዳይማሩ የተከለከሉ ሰዎች፣ የሌላውን ተራራ ለመቀማት ተላኩ። ከእነሱ ውስጥ “አልዘምትም” ብለው ድንበሩን ተሻግረው የሸሹ ነበሩ። የሄዱት ደግሞ ሄደው ተኮሱ። ተበዳይ መሆን ሌላውን ከመበደል እንደማያድን በዚህ ሸለቆ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ስጽፍ ስለ እነሱ ብቻ እያሰብኩ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

የመጨረሻው ቦታ ቦልዛኖ ነው። እዚያ “አምባላጌ” የሚባል መንገድ አለ። አዎ፣ የእኛው አምባላጌ። በ1895 የራስ መኮንንና የፊታውራሪ ገበየሁ ጦር ሻለቃ ቶዜሊን ድል ያደረገበት ተራራ። ጣልያኖች በየካቲት 1936 መልሰው ባንዲራ ሲሰቅሉበት “ተበቀልን” አሉ። በግንቦት 1941 ግን የጣልያን እንደራሴ የአኦስታ መስፍን እጁን የሰጠው እዚያው አምባላጌ ላይ ነው። ተራራው ሁለት ጊዜ ተሸንፈውበታል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ስም ግን የድል ስም ተብሎ የተሰቀለ ነው። የደቡብ ቲሮል የጀርመንኛ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር አድራሻም ይኸው መንገድ ነው። ፋሺዝም የዘጋው ትምህርት ቤት፣ ፋሺዝም በኩራት በሰየመው መንገድ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግራት፣ “ለሽርሽር ነው የምንሄደው ወይስ ለለቅሶ?” አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሠርታ የምታገኘው ዕረፍት ጥቂት ቀን ነው፤ በዚያች ቀን ሐውልት ሥር ቆማ እንድታዝን የማስገደድ መብት የለኝም። እኔም ለቅሶ አልፈለግሁም። ግን ስማችን በአንድ ከተማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፣ ሳናነበው ሥሩ አይስክሬም እየላስን ማለፉ አልዋጥልህ አለኝ። ከተማዋ ራሷ እንኳ ከታሪኳ አልሸሸችም። በ1928 በተመረቀው የፋሺስቶች የድል ሐውልት ሥር በ2014 ቋሚ ኤግዚቢሽን ከፍታለች። ሙሶሊኒ በፈረስ ተቀምጦ የተቀረጸበት ትልቅ የድንጋይ ሥራ ላይ ደግሞ በ2017 የሐና አረንት ሐሳብ በሦስት ቋንቋ በብርሃን ተጽፎበታል። አላፈረሱትም፤ መልስ ሰጡት።

ስለዚህ ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ከኢንስብሩክ በአሮጌው መንገድ ብሬነር፣ ከዚያ ቪፒቴኖ ላይ ምሳ፣ ማታ ብሩኒኮ። ሁለተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ የእሷ ነው፤ ሐይቁና ተራራው፤ አንድም ዓመተ ምሕረት አልጠራም፣ ቃል ገብቻለሁ። ሦስተኛው ቀን በብሬሳኖኔ በኩል ቦልዛኖ፤ አንድ ሰዓት ለኤግዚቢሽኑ፣ ግማሽ ሰዓት ለአምባላጌ ጎዳና።

እዚያ ምን እንደምናደርግ ጠየቀችኝ። ሰሌዳውን በሁለቱም ቋንቋ እናነበዋለን፤ ከዚያ እኛ በአማርኛ “አምባላጌ” እንላለን፤ ጮክ ብለን፣ “ጌ”ውን አጥብቀን። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ካየን፣ ምን ማለት እንደሆነ እንነግረዋለን።