ባለ አራት ጽዋ የወተት መመርመሪያ
ፕላስቲክ። ዘዴው በ1957 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የወጣ ነው።

ላሟ ጤነኛ ትመስላለች፤ ግቷ አላበጠም፣ ወተቷም መልኩን አልለወጠም። ድብቁ የጡት በሽታ ግን የምትሰጠውን ወተት ይቀንሳል። ከአራቱም ጡቶች ለየብቻ ወደየጽዋው ይታለብና እኩል መጠን ያለው መመርመሪያ ፈሳሽ ተጨምሮ በእርጋታ ይዞራል። እንደ አጥሚት ከወፈረ፣ ተህዋስያንን ሊዋጉ የመጡ ነጭ የደም ሴሎች በዝተዋል ማለት ነው። የተህዋሱን ዓይነት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች ከተገኙት አንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ነው፤ ግት ውስጥ ስለሚደበቅ በመድኃኒት ማጥፋቱ ከባድ ነው። የጣና ዳር የፎገራ ላምም ሆነች የከተማዋ ዲቃላ አታመልጠውም፤ በአላቢ እጅና በጋራ ጨርቅ ይተላለፋልና። ላም ያላችሁ፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስታልፉ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ለየላሟም የራሷን ንጹሕ ጨርቅ ያዙ።