የሞደም ምላሽ ንባብ በሲ ቋንቋ

በሲሪያል ፖርት ለተላከ ትዕዛዝ ሞደሙ የሚሰጠውን መልስ በሲ በተጻፈ ፕሮግራም የመቀበል ሥራ ነው። ትዕዛዞቹ በአብዛኛው «ኤቲ» በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራሉ። ልማዱ የተጀመረው የሄይስ ኩባንያ በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካቀረበው ስማርትሞደም ነው፤ በሲም ካርድ የሚሠሩ ሞደሞችም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ትዕዛዙን መላክ ቀላል ነው፤ ፈተናው መቀበሉ ላይ ነው። «ሪድ» የተባለው ፈንክሽን የሚያስረክበው እስከዚያች ቅጽበት የደረሰውን ባይት ብቻ ነው። «ኦኬ» የሚለው መልስ ከፊቱም ከኋላውም ባይት 13 እና 10 ስለሚኖሩት ባጠቃላይ 6 ባይት ይሆናል፤ 6ቱም አንዴ ሊመጡ ይችላሉ፣ መጀመሪያ 2 ቀጥሎ 4 ሆነውም ሊደርሱ ይችላሉ። በዚያ ላይ ሞደሙ የተላከለትን ትዕዛዝ ራሱን መልሶ ያስተጋባል፤ ይህን የሚያጠፋው «ኤቲኢ0» ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ የመጣውን ባፈር ውስጥ እያጠራቀመ፣ «ኦኬ» ወይም «ኤረር» የሚል ሙሉ መስመር እስኪያገኝ ደጋግሞ ማንበብ አለበት። «ሪድ» በመጨረሻው ላይ ዜሮ ባይት አይጨምርም። ይህን ዘንግቶ ባፈሩን በዜሮ ባይት የሚያልቅ ጽሑፍ ለሚጠብቀው የፍለጋ ፈንክሽን «ስትርስትር» በቀጥታ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዳንዴ በአጋጣሚ ስለሚሠራም ለማግኘት ያስቸግራል።

በሊኑክስ ፖርቱ አስቀድሞ «ተርሚዮስ» በተባለው የፖርት ማስተካከያ ወደ ጥሬ ሁነታ ይቀየራል። ከማስተካከያው ቅንብሮች «ቪሚን» 0፣ «ቪታይም» 10 ከተደረጉ፣ የ«ቪታይም» መለኪያ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ስለሆነ፣ «ሪድ» ምንም ካልመጣ 1 ሰከንድ ጠብቆ ባዶ እጁን ይመለሳል። ለመደወያ ትዕዛዝ ይህ አይበቃም፤ ጠቅላላው የጥበቃ ጊዜ ለብቻው መቆጠር ይኖርበታል።